የጓሮው ልክ ውሃው ነው፦ በልግን በስድስት ዕቃ



የካቲት ሲጋመስ የደሴ ሰማይ መልኩን ይቀይራል። ከጦሳ ተራራ በኩል ደመና ይወርዳል፤ ከዙህር በኋላ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ አስር ላይ ካፊያ ይጀምራል። በዚህ ሰሞን ከደጋ የመጡ ጓደኞቻችን ወደ ቤት ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ "በልጉ ገባ? ገብሱ ተዘራ?" በደቡብ ወሎ ደጋ ለብዙ ቤተሰብ በልግ ከቀረ ዓመቱ ጎደሎ ነው። ከተማ ውስጥ ተከራይተን ለምንኖረው ተማሪዎች ግን በልግ ጭቃና ዣንጥላ ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ነገር ግን ከተማ ውስጥ ያለ ሰውም ከበልግ ድርሻ አለው። በተከራየንበት ግቢ፣ በአሮጌ ጀሪካንና በጆንያ ጎመንና ቆስጣ ማብቀል፣ የሚጣለውን ልጣጭ ወደ አፈር መመለስ፣ የሚፈሰውን ውሃ ለሁለተኛ ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ይህን የምንጽፈው ባለሙያ ስለሆንን አይደለም። ካቻምና ሞክረን ከሽፎብናል፤ አምና ደግሞ አልሐምዱሊላህ ተሳክቶልናል። በሁለቱ ዓመታት መካከል የነበረው ዋና ልዩነት አንድ ስለሆነ እሱን ከነዝርዝሩ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ካቻምና ምን አጠፋን?

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር አምስት ወንድሞች ነን። ካቻምና በልግ ሲገባ ዓይናችን ያረፈው ቦታው ላይ ነበር። የአከራያችን ግቢ ሰፊ ነው፤ "ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ለምን ይቀመጣል?" አልን። ከየሰፈሩ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲና የሩዝ ጆንያ ለቀምን፤ አዋጥተን ችግኝ ገዛን፤ 24 ዕቃ ሞላን። መጋቢት ላይ ግቢው አምሮ ነበር። ፎቶ አንስተን ያልላክንለት ዘመድ የለም። ለአከራያችንም፣ "እማማ፣ ግማሹ የእርስዎ ነው" ብለን ቃል ገባን።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰሞን ነበር፤ በዚያ ላይ የአጋማሽ ፈተና ደረሰ። 24 ዕቃ በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢጠጣ 24 ሊትር ነው፤ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል። እኛ ደግሞ ለአምስት ሰው ምግብ፣ ሻይ፣ ውዱእና መታጠቢያ ብለን የምናስቀምጠው ሦስት ጀሪካን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማታ ከመካከላችን አንዱ ጀሪካን አንስቶ ሲያጠጣ እማማ በረንዳቸው ላይ ቆመው አዩትና፣ "ልጆቼ፣ ለሰው የሚጠጣ ሳይተርፍ ለቅጠል ትደፉታላችሁ?" አሉ።

መልስ አልነበረንም፤ እውነታቸውን ነው። ማጠጣቱን አቆምን። በ10 ቀን ውስጥ ከ24ቱ ዕቃ የተረፈው ሁለት ጎመንና አንድ የጥብስ ቅጠል ነበር። ከኪሳችን የወጣው ብር ቆጭቶናል። ከብሩ በላይ የከበደን ግን ለእማማ የገባነው ቃል ነው። እሳቸው አንድም ቀን አንስተውብን አያውቁም፤ እኛ ግን በደረቁት ጀሪካኖች መካከል ባለፍን ቁጥር እናፍር ነበር።

ጓሮን በቦታ ሳይሆን በውሃ መለካት

አምና ዘር ከመግዛታችን በፊት አንድ ሥራ ሠራን፤ አንድ ቀን ሙሉ በቤታችን የሚፈሰውን ውሃ ለካን። ውዱእ ከምናደርግበት ቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀመጥን። አንደኛው ወንድማችን እንደ ልማዱ ቧንቧውን ከፍቶ ውዱእ አደረገ። ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውስጥ ስንገለብጠው እስከ አንገቱ ሞላው። ሌላው በማንቆርቆሪያ አደረገ፤ 1 ሊትር እንኳ አልጨረሰም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ ኢብኑ ማሊክ ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሙድ መካከለኛ ቁመና ያለው ሰው ሁለት እጆቹን አጣምሮ የሚዘግነው መጠን ነው፤ ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ ከ1 ሊትር በታች፣ ወደ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሐዲሱን መስማት አንድ ነገር ነው። በአንድ ውዱእ የፈሰሰውን ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ ከፊት ለፊት ማየት ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ውዱእ በማንቆርቆሪያ ሆነ።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራን። ዙህርና አስርን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ስለምንሰግድ ቤት ውስጥ ውዱእ የምናደርገው ለፈጅር፣ ለመግሪብና ለዒሻ ነው። አምስት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በማንቆርቆሪያ ቢያደርግ ከ11 እስከ 15 ሊትር ይሆናል። የሚረጨው ተቀንሶ ሳፋው ላይ የምናገኘው 8 ሊትር ገደማ ነው። ሩዝ፣ ምስርና አትክልት ያጠብንበት ሲጨመር 10 ወይም 11 ሊትር ይደርሳል። አንድ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ፀሐይ በበረታበት ቀን ከ1 እስከ 1 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ስለዚህ ያለን ውሃ ያለ ጭንቀት የሚችለው ስድስት ዕቃ ነው። ቦታው ለ40 ይበቃል፤ ውሃው ግን ለስድስት ነው። ስድስት አልን።

በዚህ መሀል አንድ ወንድማችን፣ "ውሃው ለተክሉ ከሆነ ቧንቧውን ትንሽ ለቀቅ ላድርገው?" ብሎ አሳቀን። ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። ወደ ጎመን የሚሄድ ውሃ ቢሆንም የሚቀዳው ሁላችንም ከምንጠጣበት ጀሪካን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ የፈሰሰውን መልሶ መጠቀም። ማባከንን በጓሮ ስም ማስዋብ ኢስራፍ መሆኑን አያስቀረውም።

መልሰን የምንጠቀምበትን ውሃ በተመለከተ የያዝናቸው ጥንቃቄዎች እነዚህ ናቸው፦

• የውዱእ ውሃ ሳሙና የሌለበት ስለሆነ ለተክል ይስማማል። የሚፈሰው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም።

• ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ በዕለቱ ይፈስሳል። ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ ግን ጨው ስላለበት አይሆንም፤ ጨው አፈር ውስጥ ይጠራቀማል።

• ልብስ የታጠበበት፣ በተለይ ኦሞና በረኪና የገባበት ውሃ ወደ ጓሮ አይሄድም።

• እንደ ሰላጣ ጥሬውን ለሚበላ ተክል ንጹህ ውሃ ብቻ ነው የምንሰጠው። የተጠቀምንበት ውሃ ተቀቅለው ለሚበሉት ለጎመንና ለቆስጣ ይሆናል። ያም ሆኖ ሁሉም ከመበላቱ በፊት በደንብ ይታጠባል።

• ከአንድ ቀን በላይ አናስቀምጠውም። ይሸታል፤ ሰንብቶ ከቆየም የወባ ትንኝ ይራባበታል።

በልግንና ፀሐዩን ማወቅ

በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘልቅ አጭር የዝናብ ወቅት ነው። እንደ ክረምቱ አይታመንም፤ ዘግይቶ ሊገባ፣ መሀል ላይ ሊያቋርጥ፣ ቀድሞም ሊወጣ ይችላል። ካቻምና የተሸወድነው በልግን እንደ ክረምት ቆጥረን ነው። ጥሩ ጎኑ ደግሞ ከመንፈቁ ትምህርት ጋር አብሮ መሄዱ ነው። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ የተዘራ ቅጠላ ቅጠል ግንቦት ሳያልቅ ይበላል። ለረጅሙ እረፍት ከመበተናችን በፊት ሥራው ይጠናቀቃል ማለት ነው።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሙቀቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኮምቦልቻ ላይ ያሉ ወንድሞቻችን ቲማቲምና ቃሪያ በቀላሉ ያገኛሉ። ደሴ ላይ ግን እነዚህ ይዘገያሉ፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ብርዱን ይወዱታል። ያላችሁበት ከተማ ሞቃት ከሆነ የኮምቦልቻን፣ ብርዳም ከሆነ የደሴን ምሳሌ ተከተሉ።

ሦስተኛው ነገር ፀሐይ ነው። ቅጠላቸው ለሚበላ ተክሎች በቀን ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ፍሬ ለሚያፈሩ ከ6 ሰዓት በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል። ዕቃውን አንድ ጥግ አስቀምጦ መርሳት ግን አያዋጣም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። ከዚያ በፊት ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ስትሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ መጋቢት ላይ ከቤቱ በስተደቡብ ፀሐይ ይሞቅ የነበረ ጎመን ግንቦት ላይ የግድግዳው ጥላ ሊያርፍበት ይችላል። ዕቃ ከመደብ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ አንስታችሁ ታዞሩታላችሁ። አከራይ ቤት ልቀቁ ቢልም ጓሯችሁ አብሯችሁ ይሄዳል።

ዕቃ፣ አፈርና ብስባሽ

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሴቪያ የኖረው አንዳሉሳዊው የእርሻ ሊቅ ኢብኑል-ዐዋም ኪታቡል-ፊላሓ የተባለውን ትልቅ የግብርና መጽሐፉን የሚጀምረው ከተክሎች አይደለም። መጀመሪያ ስለ አፈር፣ ቀጥሎ ስለ ፍግና ማዳበሪያ፣ ከዚያም ስለ ውሃ ያትታል። ካቻምና እኛ ችግኝ ለመግዛት ስንሮጥ እነዚህን ሦስቱን ዘለናቸው ነበር።

ዕቃ፦ የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የሩዝ ወይም የስኳር ጆንያ፣ በደንብ የታጠበ የቀለም ባልዲ ይሆናል። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ዕቃ ግን ምንም ቢታጠብ አትጠቀሙ። ለጎመንና ለቆስጣ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ከሥሩ በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ እንዳይወጣ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ገል አድርጉ። ዕቃውን በቀጥታ ግድግዳ ሥር ከማስቀመጥ ራቅ አድርጋችሁ በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ አቁሙት። እማማ ቤታቸው እንዳይረጥብባቸው የሰጡን የመጀመሪያ ማሳሰቢያ ይህ ነበር፤ ለተክሉም ይጠቅማል።

አፈር፦ የግቢ አፈር ብቻውን ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል። የኛ ድብልቅ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ድብልቁን አርጥባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ስትለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ስትነኩት ደግሞ የሚፈረካከስ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ አሸዋና ብስባሽ ጨምሩ።

ብስባሽ፦ ከኩሽናችን በየቀኑ የሚወጣው የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሻይ ቅጠልና የቡና አተላ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲሄድ ይሸታል፤ በአግባቡ ከተከመረ ግን አፈር ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዳዳ ባለው በርሜል ወይም በግቢ ጥግ በተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ከታች ደረቅ ነገር ይነጠፋል፤ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን። በላዩ ልጣጩ፣ እንደገና ደረቁ። ለአንድ እጅ እርጥብ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ይሁን። ምክንያቱም የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ከደረቁ ካርቦን፣ ከእርጥቡ ናይትሮጅን። እርጥቡ ሲበዛ አየር ያጣና ይሸታል፤ ደረቁ ሲበዛ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ክምሩ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥበት ይኑረው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይገላበጥ። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ጠቁሮ የዝናብ አፈር መሽተት ሲጀምር ደርሷል። ዛሬ የጀመራችሁት ለግንቦት ይደርሳል፤ ለአሁኑ ግን ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ወይም ወራት ያስቆጠረ ፍግ መጠቀም ይቻላል። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፤ ጀርምም ይኖረዋል።

ሁለት ነገሮች ክምሩ ውስጥ አይግቡ። አንደኛው ወጥ፣ ሥጋና ዘይት ነው፤ አይጥ ይጠራል። ሁለተኛው ደሴ ላይ በየደጁ የሚገኘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ውስጡ ያለው ዘይትና ሌላ ንጥረ ነገር የሌላውን ተክል ቡቃያ ያቀጭጫል።

ምን እንዝራ?

በስድስቱ ዕቃ አምና የዘራነው ይህ ነው፦

ጎመን (ሁለት ዕቃ)፦ ዘሩ በትንሽ ዕቃ ፈልቶ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ይዛወራል። ከተዛወረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቅጠል መቁረጥ ይጀመራል። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ቁረጡ፤ ጫፉን ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣችኋል።

ቆስጣ (ሁለት ዕቃ)፦ በቀጥታ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዘራል። ከአንድ ዘር ብዙ ቡቃያ ስለሚወጣ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ያስፈልጋል። መንቀሉ ልብ ይነካል፤ ካልነቀላችሁ ግን ሁሉም ይቀጭጫል። በ7 ወይም በ8 ሳምንት ከዳር ከዳር ያለው ቅጠል ይቆረጣል።

ሰላጣና ድንብላል (አንድ ዕቃ)፦ የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚፈልግ በስሱ ብቻ ይሸፈናል። የድንብላል ዘር ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል። ቅጠሉን ከ5 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ማጨድ ይቻላል።

ቃሪያ (አንድ ዕቃ)፦ በደሴ ብርድ ስለሚዘገይ ችግኙን ገዝተን ፀሐይ በሚበዛበት ቦታ አኖርነው። ከሁሉም በኋላ የደረሰ እሱ ነው።

ከካቻምናው እልቂት የተረፈው የጥብስ ቅጠል ሰባተኛ ሆኖ በር ላይ ቆሟል። እሱ ውሃ አይለምንም፤ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ከቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ብትተክሉት ሥር ያወጣል፤ የፈለገ ሰው መጥቶ መውሰድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከገበያ ያድናል ብለን አንዋሽም። ሁለቱ የቆስጣ ዕቃዎች ሲደርሱ ለአምስታችን በሳምንት አንድ ድስት ያህል ይወጣቸዋል። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱና ጤፉ አሁንም ከሱቅ ነው። ጥቅሙ ትኩስ ቅጠል ከደጃችን ማግኘታችን፣ በምን ውሃ እንደበቀለ ማወቃችንና ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ በግማሽ መቀነሱ ነው።

በረዶ፣ ክሽክሽና ወፍ

የበልግ ዝናብ አንዳንዴ በረዶ ይዞ ይመጣል። ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃዎቹን ጣሪያ ሥር ማስገባት ወይም በጆንያ መሸፈን ነው። ዝናብ በሚያቋርጥበት ጊዜ ደግሞ አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ማልበስ፣ ማለትም ጉዝጓዝ ማድረግ፣ ፀሐይ ውሃውን እንዳትወስደው ይረዳል። ካቻምና አንድም ዕቃ አላለበስንም ነበር፤ አምና ሁሉንም አለበስን። ማጠጣት ያለባችሁም በጠዋት ወይም ከአስር በኋላ ነው፤ በቀትር የፈሰሰ ውሃ ብዙው ይተናል።

የጎመን ዋና ጠላት ክሽክሽ ነው። ከቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ጭማቂውን ይመጣል። በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጦ ማየትና ሲጀምር በጣት ማሸት ወይም በውሃ ማጠብ ይበቃል። በጣም የተወረረው ቅጠል ይቆረጣል። ለስድስት ዕቃ ብሎ ኬሚካል መርጨት አያስፈልግም፤ ቅጠሉን ነገ የምንበላው እኛው ነን።

ወፎች ደግሞ የሰላጣውን ቡቃያ ወደዱት። ሙስሊም ከተከለው ወፍ የቀመሰችው ሳይቀር ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት የሚያስተምረውን ሐዲስ እያስታወስን ተጽናናን። ከተጽናናን በኋላ ግን የተረፈውን በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው።

ፈረቃ ያልወጣለት ጓሮ አይቆይም

ካቻምና ውሃው ካነሰን ባልተናነሰ የጎዳን "አንዱ ያጠጣዋል" የሚለው ሐሳብ ነው። አምስት ሰው ስንሆን እያንዳንዱ ሌላውን ጠበቀ። አምና በኩሽናችን በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን፤ ለአንድ ሰው አንድ ቀን፣ ቅዳሜና እሁድ በጋራ። ሥራው 10 ደቂቃ ነው፦ ሳፋውን ማፍሰስ፣ ቅጠል ገልብጦ ማየት፣ ልጣጩን ማልበስ። ፈተና ያለበት ሰው ቀኑን አስቀድሞ ይቀያየራል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ ስለሚውል የዘር ጊዜው ከጾሙ ጋር ይገናኛል። እኛ ሥራውን ከአስር በኋላ አደረግነው፤ ለኢፍጣር ስንጠባበቅ የምናባክነውን ሰዓት ሞላልን።

አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ ተወዳጁ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል። 24 ዕቃ ለአንድ ወር ከማሳመር ስድስት ዕቃ እስከ መጨረሻው መያዝ እንደሚሻል ያየነው በዚህ ጓሮ ነው።

ዶርም ላላችሁ

ዶርም ውስጥ ቦታም ፈቃድም እንደሌለ እናውቃለን። ቢሆንም የምትችሉት አለ። የመጀመሪያው መለካት ነው፤ አንድ ቀን ከቧንቧው ሥር ዕቃ አስቀምጣችሁ የራሳችሁን ውዱእ ለኩ፤ ከዚያ በግማሽ ለመቀነስ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ለእናቶቻችሁ ሁለት ጆንያ ቆስጣ ዘርታችሁ፣ ለታናናሾቻችሁ ፈረቃ አውጥታችሁ ተመለሱ። ሦስተኛ፣ በምትሰግዱበት መስጂድ የውዱእ ውሃ የት እንደሚፈስ ተመልከቱ። በየቀኑ ለአምስት ወቅት የሚፈሰው ያ ሁሉ ውሃ ለጥቂት ዛፎች ይተርፋል። የመስጂዱን ኮሚቴ አስፈቅዶ ቦይ ማውጣትና ሁለት ሦስት ችግኝ መትከል ለአንድ ጀመዓ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ከመትከላችሁ በፊት ግን በእረፍት ወራት ማን እንደሚንከባከበው ተነጋገሩ፤ ያ ካልታወቀ አትትከሉ።

ቃላችን

አምና ሚያዝያ ላይ ዝናቡ እንደገና ተቋረጠ፤ እንደ ካቻምናው ሁለት ሳምንት ገደማ። ቧንቧውም በፈረቃ ነበር፤ ፈተናውም አልቀረልንም። በዚያ ሁሉ ግን ለጓሮው ብለን አንድ ጀሪካን አላነሳንም። የሳፋው ውሃ ብቻ በቃው፤ ስድስቱም ዕቃዎች ዘለቁ።

የመጀመሪያውን ቆስጣ የቆረጥን ቀን ግማሹን በሰሃን አድርገን ለእማማ ወሰድንላቸው። ሰሃኑን ተቀብለው ቅጠሉን አገላብጠው አዩና፣ "ውሃውን ከየት አመጣችሁት?" አሉ። ውዱእ ያደረግንበት መሆኑን ነገርናቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ፣ "እንግዲያው የኔንም ሳፋ ውሰዱ፤ እኔም በቀን አምስቴ አደርጋለሁ" አሉን። ዘንድሮ ስምንት ዕቃ የምንዘራው ለዚህ ነው። ሁለቱ በእሳቸው ውሃ የሚበቅሉ ናቸው።

እናንተም ከመዝራታችሁ በፊት ውሃችሁን ለኩ። ለሁለት ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ዝሩ። አላህ በልጉን የረድኤት ያድርግልን፤ የዘራነውንም ሥራችንንም ይባርክልን። አሚን።